ከወለምታ የተገኘ ድል

ሰው ዕድሜውን የሚያውቀው መታወቂያው ላይ ሲያየው አይደለም፤ ኳስ ወደ እሱ ስትመጣ ነው። የእኔ መታወቂያ አርባ ስድስት ይላል። ልቤ ግን ሜዳ ዳር ቆሞ ኳስ ሲያይ ከሃያ ሁለት ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። በመካከል ያለውን የሃያ አራት ዓመት ልዩነት ማን ይሸከመዋል ብትሉ፣ ቁርጭምጭሚት ነው።

ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ቦንጋ የመጣሁት በመሬት ጉዳይ ባለሙያነት ነው። እዚህ የመንግሥት ሠራተኞችና የገበያው ነጋዴዎች አልፎ አልፎ ኳስ እንገጥማለን። እንገጥማለን ነው ያልኩት፤ የሚያሸንፉት ሁልጊዜ እነሱ ናቸው። አምበላቸው ጋሽ ከድር ከስልጤ መጥተው ሱቅ የከፈቱ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ ሰው ናቸው። እኛ ተቀምጠን ስለምንውል የሚደክመን ገና ከወንበር ስንነሣ ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ ዝናብ ባራሰው ሜዳ ላይ፣ ዳኛው ሰውነታችንን እንድናሟሙቅ መከረን። እኔ ምን አልኩ? «መሞቅ ለበረደው ሰው ነው!» ሁሉም ሳቀ። ጨዋታው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ፣ ማንም ያልፈለጋትን ኳስ ተከትዬ ስሮጥ ቀኝ እግሬ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ ወደ ውስጥ ታጠፈ። እንደ ዋርካ ተገነደስኩ፤ ልዩነቱ ዋርካ ሲወድቅ እናቱን አይጠራም።

በአገራችን ወለምታ ያየ ሁሉ ወጌሻ ነው። አንዱ በትኩስ ዘይት ይታሽ አለ፤ ሌላው ተነሥቶ ይራመድበት፣ ደሙ ይሂድለት አለ። የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ታደሰ ግን ምክር አላበዛም፤ እግሬን በሁለት እጁ ጨበጠና ሊጎትት ተዘጋጀ። ያዳኑኝ ጋሽ ከድር ናቸው።

«ልቀቀው! የሰው እግር ነው እንጂ የመኪና ማርሽ ነው እንዴ?» ብለው ጮኹበት። ከሱቃቸው ፍሪጅ በረዶ የሆነ የውኃ ጠርሙስ አስመጥተው፣ በሻርፓቸው ጠቅልለው እግሬ ላይ አሰሩልኝና በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ሸኙኝ።

የተቀበለችኝ ሁሉም ሲስተር ብዙነሽ የሚላት የቦንጋ ልጅ ናት፤ ሥራዋ የተጎዳን ጅማትና ጡንቻ መልሶ ማሠልጠን ነው። አጥንቴን እዚህም እዚያም ተጫነችው፤ አራት እርምጃ አስኬደችኝ። እያነከስኩ ሄድኩ።

«አጥንትዎ ደህና ነው፤ የተጎዳው ጅማትዎ ነው» አለች። «ያበጠ ጅማት በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይታሽም፣ አይሞቅም፣ አይጎተትም። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ለሩብ ሰዓት ይያዙበት፣ ያሳርፉት፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ይድገሙት። በፋሻ ይሰሩት፤ ሲተኙ ትራስ ላይ ከፍ ያድርጉት። ሕመሙ ከባሰ ወይም መርገጥ ካቃተዎት ቶሎ ይመለሱ።»

መቼ እንደምጫወት ጠየቅኋት።

«መጀመሪያ በዚህ እግር ብቻ ቆመው ጥርስዎን ቦርሸው ይጨርሱ፤ ከዚያ እንነጋገራለን። ለመሆኑ አሟሙቀው ነበር?»

ያንን ቀልዴን ልደግምላት ብዬ ፊቷን አየሁና ተውኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ መሰለኝ።

እብጠቱ ሲጎድል ልምምዱ ተጀመረ። ቤት በአንድ እግር፣ ቢሮም በአንድ እግር! አንድ ቀን ማኅደር ይዤ በአንድ እግሬ ቆሜ ሳለሁ አንድ ባለጉዳይ አዛውንት ገቡ። ለረጅም ጊዜ አዩኝና «ልጄ፣ ወንበር እንኳ አልሰጡህም?» ብለው አዘኑልኝ።

ከሦስት ወር በኋላ ሲስተር ብዙነሽ በአንድ እግር አዘለለችኝ፣ አሮጠችኝ፣ በድንገት አዞረችኝና ፈቀደች። ከነጋዴዎቹ ጋር ለነበረን የመልስ ጨዋታ ጓደኞቼን ቀድሜ ሜዳ አስወጣኋቸው። ሩብ ሰዓት ሙሉ ሶምሶማ፣ ጎንበስ ቀና፣ ጉልበት ማንሣት። ነጋዴዎቹ ዳር ቆመው «እነዚህ ሠርግ ሊጨፍሩ ነው ወይስ ኳስ ሊጫወቱ?» እያሉ ሳቁ።

አንድ ለአንድ ነበርን። ከዕረፍት በኋላ ሳቃቸው ወደ ባታቸው ወረደ፤ አንዱ ጡንቻው ተኮማተረ፣ ሌላው ማነከስ ጀመረ። በመጨረሻ ጋሽ ከድር ራሳቸው ሲሮጡ የጭናቸውን ጀርባ ይዘው ቁጭ አሉ። ፈጥኜ ደረስኩ። ሊያሹ የተንጋጉትን ከለከልኩና ከዚያው ከሱቃቸው በረዶ አስመጣሁ።

«በገዛ በረዶዬ!» አሉ፣ እያመማቸው እየሳቁ። «ሂድ፣ ተጫወት።»

ሄድኩ። በመጨረሻዋ ደቂቃ ከማዕዘን የተሻማች ኳስ እኔ ዘንድ ወረደች። ያ ሁሉ ሰው ወጌሻ የሆነበት ቀኝ እግሬ ዛሬም ጭቃ በሆነው ሜዳ ላይ እንደ ምሰሶ ቆመ፣ ንቅንቅ አላለም፤ ግራዬ መታ፤ መረቡ ተርገበገበ። ሁለት ለአንድ! የመንግሥት ሠራተኛ ነጋዴን አሸነፈ! ጋሽ ከድር ከተቀመጡበት ሲያጨበጭቡ አየሁ፤ ከጎሏ ይልቅ ያቺ ጭብጨባ ደስ አለችኝ።

ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ከእኛ ቡድን አንድም ሰው አልተጎዳም። ፊሽካው ሲነፋ ታደሰ እየጮኸ መጣና፣ ኪሎዬን ሳይጠይቅ ወደ ትከሻው ብድግ ሲያደርገኝ ወገቡን ይዞ ቀረ። ለጨዋታው አሟሙቀን ነበር፤ እናሸንፋለን ብሎ ለደስታው ማን ያሟሙቅ!