ወይዘሮ አስካለ በር ላይ የተቀመጡ ዕለት

ከስብሰባ አጀንዳ ሁሉ የማዝንለት «ልዩ ልዩ» ለሚባለው ነው። መጨረሻ ላይ ይጻፋል፤ ተራው ሲደርስ ሰው ጋቢውን አጣፍቶ ተነሥቷል። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ እኛ መንዞች ብርዱን የለመድነውን ያህል ስብሰባም ለምደን ነበርና፣ ስንት የሰው ችግር በዚህ ቃል ሥር ተቀብሮ እንደቀረ እኔ አውቃለሁ። መምህር ስለሆንኩ የቀበሌያችን ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ።

የከተማችን ገበያ ቅዳሜ ነው። የገጠር ሴቶች ገብሳቸውን ተሸክመው፣ በጋቸውን እየነዱ ማልደው ይገባሉ፤ አመሻሽ ላይ ይመለሳሉ። በዚህ መሐል የሚጸዳዱበት ቦታ አልነበረም። ወንዱ መቼም ግድግዳ አያጣም። ሴቷ ግን ወይ ችላ ትውላለች፣ ወይ ከገበያው በታች ወዳለው ገደል ትወርዳለች።

ወይዘሮ አስካለ ገበያው ጥግ ላይ የበግ ጠጉር ፈትል የሚነግዱ ባልቴት ናቸው። ይህን ነገር በሦስት ስብሰባ፣ ሦስቱንም ጊዜ በ«ልዩ ልዩ» ላይ አነሡ። ሊቀመንበሩ አቶ ደምሴ «በሂደት ይታያል» ይላሉ፤ ወንዶቹ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ «ሽንት ቤት» ብሎ መጻፍ አሳፍሮኝ «አንዳንድ የሴቶች ጉዳይ» ብዬ አለፍኩት።

አንድ ቅዳሜ አንዲት ነፍሰ ጡር ወደ ገደሉ ስትወርድ አዳልጧት እግሯ ተሰበረ። ተሸክመው ያስገቧት ወይዘሮ አስካለ ቤት ነበር።

በማግሥቱ ከሰንበቴ መልስ ስብሰባ ተጠራ። የሰንበቴውን ጠላ ማንም አልናቀውም፤ አጀንዳውም ረዘመ። መጀመሪያ አንዱ ጎልማሳ ብድግ አለ። ወይዘሮ አስካለ በርጩማቸውን ወስደው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ወዴት ነው?»

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ውጭ ደርሼ ልምጣ።»

«ተቀመጥ። የገበያ ሴት ቀኑን ሙሉ ትችል የለ? አንተም ይኼ ነገር እስኪቆረጥ ቻል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ግን ብዙ አልተሳቀም፤ ሽንት ይዞት መሳቅ የሚችል ሰው እንደሌለ ያን ዕለት ተማርኩ።

አቶ ደምሴ እግራቸውን እያጣመሩ፣ «ወይዘሮ አስካለ፣ ይኼ እኮ ሕገ ወጥ ነው!» አሉ።

«ይሁን፣ ክሰሱኝ። ልጅቷ ቤቴ ተኝታ ስታቃስት ነው ያደረችው። ዳኛም ፊት ይህንኑ እናገራለሁ።» ከበሩ ንቅንቅ አላሉም። አሁን የሚስቅ ጠፋ።

ቀበሌያችን እንደዚያ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም። ቦታው ተመረጠ፤ እንጨቱ ከቀበሌው ባሕር ዛፍ እንዲቆረጥ፣ ለቁፋሮው ከየቤቱ አንድ ሰው እንዲወጣ ተባለ። «መምህር፣ ጻፍ እንጂ!» ብለው ጮኹብኝ። «ሽንት ቤት» ብዬ በጉልህ ጻፍኩ። እጅ ወጣ፤ በሙሉ ድምፅ አለፈ። በሩ ሲለቀቅ ሊቀመንበሩ ሁሉንም ቀድመው ወጡ።

ወይዘሮ አስካለ ቁፋሮው እስኪያልቅ በየጧቱ እየሄዱ ቆሙበት። የቆርቆሮ በር ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተሠራ፤ አቶ ደምሴም በሩ ላይ ስለ ልማት ረዥም ጽሑፍ አስጻፉ። ገበያተኞቹ ሴቶች ጽሑፉን ማን አነበበላቸው! «አስካለ ቤት ደርሼ ልምጣ» ይባባሉ ጀመር፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ይከፋቸው እንደሆነ አንድ ቀን ወይዘሮ አስካለን ጠየቅኳቸው። ፈትላቸውን እየጠቀለሉ፣ «ምን ይከፋኛል፤ ይጥሩኝ» አሉ። «ብቻ ስሜን አያቆሽሹት።»