ተኝቶ ነው

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የሞኙን ለእናንተ ልተወውና፣ የወረቀቱ ነገር ግን ያጠራጥረኛል። በተለይ የፎቶ ወረቀት። እናንተ አንድ ነገር አስይዛችሁ ትልኩታላችሁ፤ ሲደርስ ሌላ ነገር ይዞ ይገኛል። ማስረጃዬ ባለቤቴ ሰዒድ ነው፤ አላህ ይዘንለትና፣ እኔ ባነሳሁት ፎቶ የተነሳ በሕይወት እያለ አንድ ጊዜ ተለቅሶለታል።

የምንኖረው ካርቱም፣ ጀሪፍ ነበር። እኔ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ክበብ የፎቶ ትምህርት ጀምሬ፣ በስተርጅና ድልድይ የምሻገር ተማሪ ሆኛለሁ። ሱዳናዊው መምህራችን፣ ኡስታዝ እንለዋለን፣ "ጥሩ ፎቶ አስተርጓሚ አይፈልግም" ይል ነበር። ይህችን ቃል በልቤ አትሜ ያዝኳት። ቤት ስገባ የማነሳው ሰው ሰዒድ ብቻ ነው። ሲበላ አነሳዋለሁ፣ ሲላጭ አነሳዋለሁ። "ኧረ ተይኝ፣ ፊቴን ጨረስሽው" ይለኛል።

የካርቱምን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ሰው አልጋውን ወደ ሆሹ፣ ወደ ግቢው ማለቴ ነው፣ አውጥቶ ነው የሚያድረው። አንድ ማለዳ ሰዒድ በገመድ አልጋው ላይ፣ ትንኝና አቧራ ሽሽት በነጭ አንሶላ ከራሱ ጀምሮ ተጠቅልሎ፣ እግሮቹን ብቻ አውጥቶ ግቢው እስኪናወጥ ያንኮራፋል። የጎህ ብርሃን አንሶላውን ወተት አስመስሎታል። አነሳሁት። ኡስታዝ ፎቶውን አይቶ "ሰላም ይታየኛል" አለ። ክፍሉ አጨበጨበልኝ።

ከዚህ በኋላ ማን ይችለኛል? አንዱን ቅጂ ደሴ ለምትኖረው ለሰዒድ እህት ለዘሃራ በመንገደኛ ላክሁላት። ሰዒድ "ከጀርባው አንድ ቃል ጣል አድርጊበት እንጂ" ብሎኝ ነበር። ጥሩ ፎቶ አስተርጓሚ አይፈልግም አልኩት።

ፈለገ።

ደሴ ብርድ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ፣ አልጋ ላይ፣ ከነራሱ በነጭ ተጠቅልሎ የሚጋደም ሰው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። መንገደኛዋ እንዳታስረዳቸው ፖስታውን በር ላይ ሰጥታ፣ መኪና ያመልጠኛል ብላ ሮጣለች።

አንድ ቀን አከራያችን ሐጃ ከቤቷ "ሰዒድ፣ ያላ፣ ተልፎን" ብላ ተጣራች። ተከትዬው ሄድኩ። ዘሃራ ስልክ ላይ ስለምትጮህ አጠገቡ ሆኜ ሁሉን እሰማለሁ።

"ማን ልበል?" አለ ሰዒድ።

"ዘሃራ ነኝ፣ የሟቹ እህት። ሚስቱን ታገናኙኛላችሁ?"

"የቱ ሟች?"

"ሰዒድ ነዋ፣ ወንድሜ።"

"ዘሃራ፣ ሰዒድ እኮ እኔ ነኝ።"

ከዚያ በቁጣ፣ "በሰው ሐዘን አትቀልድ። በፎቶ አይተነዋል" አለች።

በልጅነቷ ከሾላ ዛፍ ወድቃ ጥርሷ የተሰበረበትን ቀን ሲያነሳባት ነው መኖሩን ያመነችው። ከዚያ የባሰ አለቀሰች። ለካ ሰደቃው ተበልቶ፣ ዱዓው ተደርጎ አልቋል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው። ሰዒድ ግን "ዱዓ አይባክንም፣ ይቀመጥልኛል" እያለ ሲስቅ ከረመ። ለኡስታዝ ብነግረው፣ "እነሱም ሰላም ነው ያዩት፤ የእነሱ ረዘመ እንጂ" አለኝ።

ከዓመታት በኋላ ሰዒድ የእውነት ሞተ። ስደውልላት ዘሃራ ቃሌን አላስጨረሰችኝም። "ደግሞ ምን ፎቶ አነሳሽ?" አለችኝ እየሳቀች።

"ምንም አላነሳሁም፣ ዘሃራ" አልኳት።

ያኔ አመነችኝ።

ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሊያጽናናኝ የሚመጣው ሁሉ ያየውና "ኢና ሊላሂ" ብሎ ፊቱን ያዞራል፤ የባሏን ሬሳ የምትሰቅል ሴት አድርገውኛል። ኡስታዝ ይቅር ይበለኝና፣ በቀደም ከሥሩ በትልልቁ "ተኝቶ ነው" ብዬ ጻፍኩበት። አንዲት የወሎ ልጅ ጎረቤቴ መጥታ አነበበችው፤ ዞር ብላ እኔን አየችኝ፤ ከንፈሯን መጠጠች።

"አይዞሽ እህቴ" አለችኝ፣ "ሁላችንም እንተኛለን።"

ምን ላድርጋት? ማንኮራፋቱን ወረቀት አይዝም።