የካልድበሪው ሊቀ ግንብ

ለመሆኑ ሚስተር ዊልፍሬድ ኦርመሮድ የሚተኙት መቼ ነው? ብራዮኒ ታተርሶል በግንቡ በር ላይ ባለችው የእንጨት ጎጆ ውስጥ ትኬት መቁረጥ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ለዚህ ጥያቄ ግን እስካሁን መልስ አላገኘችለትም። ጠዋት፣ ጉሙ ገና ከወንዙ ሳይነሣ ስትመጣ፣ አግዳሚ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ማታ ቆልፋ ስትሄድ ከግንቡ ትይዩ ያለው መስኮታቸው በርቷል። ጎረቤቶቻቸው ያ መብራት ሲጠፋ ያየ ሰው እንደሌለ ይናገራሉ። አንድ ቀን ደፍራ ብትጠይቃቸው፣

"ግንቡ ስምንት መቶ ዓመት ቆሞ ነው ያደረው፤ እኔ ምን ቆርጦኝ እተኛለሁ?" አሏት።

ግንብ ያለው የእንግሊዝ ከተማ ሊቀ ግንብ አያጣም። ከንቲባ ሊያጣ ይችላል፤ ሐኪም ቤቱ ሊዘጋ፣ ባቡሩ ሊቀር፣ የመጨረሻው ዳቦ ጋጋሪ ሱቁን ሸጦ ሊሄድ ይችላል። ሊቀ ግንቡ ግን አለ። ሹመቱን የሰጠው የለም፤ ስለዚህ የሚሽረውም የለም። በጋ ከክረምት የዝናብ ካፖርቱን አያወልቅም። ኪሱ ውስጥ የሳንድዊች ቅባት የጠጣ ካርታ አለ። "ጣልቃ መግባቴ አይደለም፤ ጆሮዬ ጥልቅ ብሎበት ነው" ብሎ ጣልቃ ይገባል። በልጅነታችን ከእሱ ያልሸሸን የለንም፤ ስናድግ ግን ለባዕድ ሰው ስለ ከተማችን የምናወራው ሁሉ ከእሱ የሰማነው ሆኖ እናገኘዋለን።

ክቡር ሊቀ ግንብ ዊልፍሬድ ኦርመሮድ ደግሞ ለሊቃነ ግንብ ሁሉ አለቃ የሚሆኑ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የአሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ከገበያው እስከ ባቡር ጣቢያው ሩብ ሰዓት የማይፈጀውን መንገድ፣ ግንቡ ሥር ሲደርሱ እንደ ኤሊ እየተጎተቱ፣ በአርባ ደቂቃ ይጨርሱት ነበር። ማማው ለምን እንደዘመመ፣ የጉድጓዱ ውኃ በየትኛው ከበባ እንደደረቀ፣ የትኛዋ እመቤት በየትኛው መስኮት ቆማ ባሏን እንደጠበቀች በድምፅ ማጉያው ሳይናገሩ ያወረዱት ተሳፋሪ የለም። ባቡር ያመለጠው ስንቱ ነው። ጥርሱን ሊያስነቅል የተሳፈረ አንድ ሰው ታሪኩን ሲሰማ ሕመሙ ለቆት ቀጠሮውን ትቶ ተመለሰ ይባላል። ይህን የሚያወሩት ግን ራሳቸው ሚስተር ኦርመሮድ ናቸው።

የሁሉም ቁንጮ የቤተ ክርስቲያኑ ማዕዘን ነበር። ከግንቡ ማማ ሥር ተነሥቶ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የሚደርስ ዋሻ አለ ይላሉ፤ ልክ እዚያ ማዕዘን ላይ በመንገዱ ሥር ያልፋል። ዋሻው ውስጥ የጥንት ባላባቶች ከነጥሩራቸው፣ ከነብረት ልብሳቸው ተኝተዋል። አውቶቡሱ ማዕዘኑን ሲይዝ ማጉያው ይንኮሻኮሻል፤

"ክቡራንና ክቡራት፣ በዋሻው ላይ እያለፍን ነው። እግር ይነሣ። ከሥር የተኛ ሰው አለ።"

እግር ይነሣ ነበር። ነርሶቹ ያነሣሉ፤ ሥጋ ሻጩ ያነሣል፤ የባንኩ ጸሐፊ ቦርሳውን አቅፎ፣ ጋዜጣውን ሳያጥፍ፣ ሁለት የተወለወሉ ጫማዎቹን ያነሣል። ብራዮኒ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት የምትሄደው በዚያ አውቶቡስ ነበር። ሁሉም እግሩን አንሥቶ ዝም ሲል አውቶቡሱ መንገዱን ለቆ በጉሙ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላት ነበር። ማታ አልጋዋ ውስጥ ሆና፣ ከወለሉ ሥር፣ ከአፈሩ ሥር፣ የተኙት ሰዎች ቀስ ብለው ሲተነፍሱ ትሰማለች። አልፈራችም። እንዲያውም ከእነሱ ትንፋሽ ጋር እየተነፈሰች ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት።

አሁን አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ የከተማው ምክር ቤት ሠራተኛ ናት። ጎብኚ ስለ ዋሻው ሲጠይቃት የምትመልሰው መልስ ተጽፎ ተሰጥቷታል፦ "ዋሻ ስለመኖሩ ማስረጃ አልተገኘም።" ይህን ባለች ቁጥር ከአግዳሚው ወንበር በኩል ሳል ይሰማል። ከሳሉ በኋላ፣

"መጽሐፍ አይጽፈውም፤ እግሬ ግን ያውቀዋል" ይላሉ።

ይህ የሚስተር ኦርመሮድ መዝጊያ ነው። ፕሮፌሰር ያስረዳ፣ ሰሌዳ ይተከል፣ ከዚህ በላይ ክርክር የለም። ምክር ቤቱ ለጎብኚዎች በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ገለጻ ያስመጣ ዓመት፣ ገለጻውን በቃሉ አጥንተውት፣ ማዳመጫ ያጠለቀ ሰው የትኛው ድንጋይ ጋ ሲደርስ የትኛውን ስሕተት እንደሚሰማ አውቀው ይጠብቁት ነበር። "ውሸት ነው" ይሉታል በጣታቸው እየጠቆሙ። ሰውየው ስለማይሰማ ፈገግ ብሎ እጁን ያውለበልባል። አንድ ጊዜ ባልና ሚስት መጥተው መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ብቻ ጠየቋቸው። የጌታውን መጸዳጃ፣ የጭፍሮቹን መጸዳጃ፣ የእስረኞቹን ጉድጓድ አዙረው አሳዩአቸው። የዛሬው የት እንዳለ ሲነግሯቸው ባልየው የሚራመደው እግሩን አጣብቆ ነበር።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ ሳያቋርጥ አርባ ቀን ወርዶ የማማው ግርጌ ተንሸራተተ። ምክር ቤቱ ፍራንሲን የምትባል ረጅም መሐንዲስ ላከ። ፍራንሲን ድንጋዩን መታ መታ አድርጋ ሰማችና፣ "ከኋላው ባዶ ነው፤ ከመጠገኑ በፊት መከፈት አለበት" አለች።

ወሬው ከተማውን በአንድ ከሰዓት ዞረ። ሚስተር ኦርመሮድ ግን፣ ለሰባ ዓመት ያህል የጠበቁት ቀን ሲመጣ፣ ዝም አሉ። ሳሉም ቀረ። ማማው ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ብራዮኒ በሁለት ኩባያ ሻይ ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል።

"ስንት ሰዓት ተነሡ ዛሬ?"

"ለመነሣት እኮ መተኛት ያስፈልጋል፣ የኔ ልጅ።" ሻዩን ተቀብለው ሳይጠጡት ያዙት። "ከሌለ አንቺ ንገሪኝ። ከጋዜጣ መስማት አልፈልግም።"

"ቢኖርስ?"

"ቢኖር መስማት የነበረባት ሰው ሞታለች።"

ከዚያ ብራዮኒ በአውቶቡሱም በአግዳሚውም ወንበር ሰምታው የማታውቀውን ነገሯት።

"ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ የከረሜላ ራሽን የተነሣ ዓመት። ማማው ሥር፣ እሾሁ ውስጥ፣ ቀዳዳ ነበር። እኔ ፊት፣ ታላቄ ኤድጋር ኋላ ሆነን ገባን። ብርሃኑ ሲጠፋ ኤድጋር ጮኾ ሮጠ። እኔ ሄድኩ። ብዙ ሄድኩ፣ ብራዮኒ። ንፋስ ነበር፤ እንደ ሰው ትንፋሽ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከዚያ ጭቃው የግራ ጫማዬን ያዘው፤ የላስቲክ ቦት ነው፣ አዲስ። እሱን ትቼ ወጣሁ።"

"ከዚያስ?"

"እናቴ 'ጫማው የት አለ?' አለች። ዋሻ ውስጥ አልኩ። ግንቡ ጋ መሄድ ክልክል ነው፤ ኤድጋር ዱላ ፈራና 'ምን ዋሻ? ወንዝ ውስጥ ነው የጣለው' አለ። በሳምንቱ ድንጋዩ ተንዶ ቀዳዳውን ደፈነው። ኤድጋር እስኪሞት ቃሉን አልለወጠም። ቤት ውስጥ ስሜ ውሸታሙ ዊልፍ ሆኖ ቀረ። እናቴ ልትሞት ስትል እጇን ይዣት ነበር። 'ዊልፍ፣ ያ ጫማ ወንዝ ውስጥ ነበር፣ አይደል?' አለችኝ።"

"ምን አሏት?"

"አዎ አልኳት። ደክሟት ነበር።" ሻዩን አዩት። "ከተማው ስንት ነገር ቀጥፏል ይለኛል። የማውቀው ውሸቴ ያ ብቻ ነው።"

በማግስቱ ጠዋት ማማው ተከፈተ። ብራዮኒ ጎጆዋን ዘግታ ሄደች፤ ፍራንሲን እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ መብራቱን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ወጣች።

"ዋሻ አይደለም" አለች። "የማማው መጸዳጃ ፍሳሽ መውረጃ ነው። አራት እርምጃ ሄዶ ጥቁር ድንጋይ ላይ ያበቃል።"

"አራት ብቻ?"

"በኔ እርምጃ አራት። ከጭቃው ሌላ ያለው ይሄ ቆሻሻ ነው። ልጣለው?"

እጇ ላይ ያለው የሕፃን ጫማ ነበር። የላስቲክ ቦት፣ የግራ እግር። ብራዮኒ ከእጇ ነጥቃ በሹራቧ እጅጌ ጠረገችው። በዚህ አገር የትኛዋም እናት የልጇን ቦት ስም ሳትጽፍበት ትምህርት ቤት አትልከውም፤ የብራዮኒም እናት ጽፋበት ነበር። አፉን ገልብጣ አየች። በነጭ የመስኮት ቀለም፣ በጥንቃቄ በተጻፈ ፊደል፣ "ዊልፍ ኦርመሮድ" ይላል።

ከማማው እስከ አግዳሚው ወንበር ያለው መንገድ ያን ያህል ርቋት አያውቅም። አንዱን ሳትናገር ሌላውን መናገር አይቻልም። ፀሐይ ጉሙን አልፋ ሣሩ ላይ ወርዳለች፤ ቁራዎቹ ከማማው ተነሥተው ይዞራሉ። ሚስተር ኦርመሮድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ፊት ለፊት ያያሉ።

ጫማውን ሰጠቻቸው።

ገልብጠው አዩት። ፊደሎቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

"የእሷ ጽሕፈት ነው" አሉ በመጨረሻ። "'ኦ' ስትጽፍ ክቡን አትገጥመውም ነበር። አየሽው?"

"አየሁት።"

"ስንት ይሆናል? ርዝመቱ?"

"አራት እርምጃ ነው፣ ሚስተር ኦርመሮድ።"

"በማን እርምጃ?"

"በፍራንሲን።"

"ፍራንሲን ረጅም ናት።" አሰቡ። "ቤተ ክርስቲያኑ ጋ አይደርስም?"

"አይደርስም። ድንጋይ ላይ ነው የሚያበቃው። የመጸዳጃ ፍሳሽ መውረጃ ነው አለች።"

"የማን መጸዳጃ?"

"የጌታው።"

"እንዲያ ከሆነ" አሉ ጫማውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ "ኤድጋር የሸሸው ከባላባት ነው።" ፈገግታው መጣ፤ ግን ወዲያው ሄደ። "ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ብራዮኒ። ያን ሁሉ ሰው በየቀኑ እግር አስነሣሁት። ለመጸዳጃ።"

ብራዮኒ ለሌላ ሰው ነግራው የማታውቀው ነገር ነበራት።

"ዛሬ ጠዋት በማዕዘኑ ሳልፍ አንሥቻለሁ" አለች።

"ምን?"

"እግሬን። ሁልጊዜ አነሣለሁ። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ አንድ ቀን ቀርቶብኝ አያውቅም።"

ሚስተር ኦርመሮድ ዞረው በሹፌር ዓይን ገላመጧት።

"መኪና እየነዳሽ?"

"የግራውን ብቻ ነው።"

"ማዕዘን ላይ? የግራው እግር እኮ ሥራ አለው።" ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ድምፃቸው ግን ለሰለሰ። "ሞኝ ልጅ። ሰው ትገጫለሽ።"

ብራዮኒ ሻይ ላምጣ ብላ ወደ ጎጆዋ ገባች። ማንቆርቆሪያው ሲፈላ ከጀርባው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን መልስ አየችው፤ "ዋሻ ስለመኖሩ ማስረጃ አልተገኘም።" አሁንም እውነት ነው። ወረቀቱን ነቅላ ሻዩ ሥር ምንጣፍ አደረገችው።

ስትመለስ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል። ሁለት እጃቸው ትንሿን ጫማ አቅፏል። ትንፋሻቸው ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ትንሽ ቆይቶ በስሱ ማንኮራፋት ጨመሩበት። ኩባያውን ሳታሰማ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው። ይህን ትንፋሽ ታውቀዋለች፤ በልጅነቷ ከወለሉ ሥር ትሰማው የነበረው ነው።

ያን ጊዜ ከጎረቤት ከተማ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ባልቴቶች እየተንጫጩ በበሩ ገቡ። ፊት የምትመራው ባለ ሐምራዊ ባርኔጣ ሴትዮ ከሩቅ፣

"ያ የታወቀው ዋሻ የት ነው፣ የኔ እመቤት?" ብላ ጮኸች።

ብራዮኒ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቀረበቻቸው።

"እያለፋችሁበት ነው" አለች በሹክሹክታ። "እግር ይነሣ። የተኛ ሰው አለ።"

ባልቴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዷም ሳትስቅ፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ አንድ እግር እያነሡ አንድ እግር በቀስታ እያሳረፉ፣ እርጥብ ሣር ላይ እንደሚሄድ የሳቢሳ ወፍ መንጋ በአግዳሚው ወንበር ፊት አለፉ።

ክቡር ሊቀ ግንብ ዊልፍሬድ ኦርመሮድ አልነቁም። ብራዮኒ ዘጠኝ ዓመት ላጣችው መልስ የጎጆዋን ሰዓት ዞራ አየች። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥር ነበር።