አባ ማንያዘዋል ከችሎት ተነሡ

ሳይጠሩት የሚመጣ ሽማግሌ የሌለበት ሰፈር፣ ሰፈር ተብሎ አይቆጠርም። የተጣላ ሲያጣ የታረቁትን ያስታርቃል፤ ምሳ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ገና አልበሰለም ይላል። ይህንን ዓይነቱን ሁሉም አገር ያውቀዋል። እስራኤል አገር ያለችውን ሰፈራችንን ቂርያት ሃዮቨልን የገጠማት ግን ከዚህም የባሰ ነበር፤ ሳይጠሩት መጥቶ፣ ፍረድ ሲሉት የሚነሣ ሽማግሌ።

ክቡርነታቸው አባ ማንያዘዋል ከጎረቤታቸው ከደስታነሽ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ብቻቸውን ይኖራሉ። ደንቢያና ወገራ የበቀለ ቤተ እስራኤል ሁሉ ከማን እንደ ተወለደ እስከ አሥር ቤት በቃላቸው ይቆጥራሉ። ድሮ ከሳሽ ተናግሮ ሳይጨርስ ፈርደው፣ መርቀው፣ ጫማቸውን አድርገው ይወጡ ነበር። ያበላሻቸው ፍርድ ቤት ነው ትላለች ደስታነሽ።

በፈረንጆቹ ዘጠና ስምንት፣ ማለደ የሚባል ጎረቤታቸው የመኪና ግጭት ክስ ነበረበትና ሊያስተረጉሙለት አብረው ሄዱ። ዳኛው መዝገቡን ገለጠ፣ የከሳሹን ስም አየ፣ መነጽሩን አወለቀ። ከሰውዬው ጋር በሠራዊት አብረው እንዳገለገሉ ተናገረና በዕብራይስጥ «አኒ ፖሴል ኤት ዓጽሚ» አለ። አባ ማንያዘዋል «ፓሱል» የሚለውን ቃል የሚያውቁት ለምንም የማይሆን፣ የተበላሸ ማለት እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ወደ ማለደ ዞረው፣ «ዳኛው እኔ የማልረባ ሰው ነኝ ይላል» አሉት።

ማለደ ደነገጠ። ብድግ ብሎ እጅ ነሣና፣ «ኧረ እንዲህ አይበሉ ጌታዬ! ማን ያልተሳሳተ አለ?» አለ። ዳኛው መዝገቡን ዘግቶ ወጥቶ ሄደ።

ጸሐፊዋ ነገሩን እንደገና ስታስረዳቸው ነው አባ ማንያዘዋል የገባቸው። ለካ ዳኛ ከተከራካሪ ጋር ዝምድና ወይም ወዳጅነት ካለው፣ እንዳላዳላ ብሎ ራሱን ከፍርዱ ያወጣል! ሰው በገዛ ፈቃዱ ፍርድ ሲተው አባ ማንያዘዋል ከተወለዱ አይተው አያውቁም ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ ለዚህ ነገር የሚመጥን አማርኛ ፍለጋ ሲገላበጡ አደሩ።

በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍረው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ወዳለበት ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ሄዱ። እሳቸው ቤተ እስራኤል ናቸውና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አልገቡም፤ በር ላይ ቆመው አማርኛ አዋቂውን መሪጌታ ወልዱን አስጠሩ።

«ከችሎት መነሣት ይባላል» አሉ መሪጌታ፣ ነገሩን ሰምተው።

«ይኸው ብቻ? ተነሥቶስ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ቤቱ ነዋ!»

አባ ማንያዘዋል ይህን ያህል ታላቅ ነገር በሁለት ቃል ማለቁ ቅር አላቸው፤ ቃሉን ግን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ዕረፍት አጣ። ገና ከመንገድ ሲመለሱ፣ ሃነቪኢም ፌርማታ ላይ ሁለት ባልቴቶች በአንድ መቀመጫ ሲጣሉ «ማን ቀደመ? እርስዎ አይተዋል» ቢሏቸው፣ «ለሁለታችሁም ዘመድ ነኝ፤ ተነሥቻለሁ» አሉና ከራሳቸው መቀመጫ ተነሡ። ባልቴቶቹም ሁለቱም ተቀመጡ። ደረጃ የመጥረግ ተራ የማን ነው ሲባሉም ተነሡ። ክሊኒክ ሄደው ሐኪሙ «የትኛው ጉልበትዎ ይብሳል?» ቢላቸው፣ «ሁለቱም የራሴ ናቸው፤ በዚህ ላይ ቃል አልሰጥም» ብለው ሳይታከሙ መጡ። የሚጠቅሱት ዝምድና ደግሞ ማለቂያ የለውም፤ አንዱን በአራት ቤት፣ ሌላውን በስድስት። ሰዉ እየሳቀ አለፋቸው።

ደስታነሽም ስቃ ነበር፤ የልጇ የአልማ ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ።

አልማ ዮሃይ የሚባለውን የአቶ ገበያውን ልጅ ልታገባ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። አዳራሹ ተይዟል፤ ጋብቻ የሚፈቅደው የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት፣ ራባኑቱ፣ ፈቅዷል። የቀረው የሁለቱ ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ የማይገናኝ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። የአልማ አባት ሞቷል፤ የሱን ዘር ከነወገራው የሚያውቁ ደግሞ ከአባ ማንያዘዋል ሌላ የሉም። በተቀጠረው ቀን ሁለቱ ቤተሰብ ደስታነሽ ሳሎን ተሰበሰበ። አባ ማንያዘዋል ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከመሐል ተቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ተነሡ።

«እኔ በዚህ ነገር አልዳኝም» አሉ። «ለሙሽራይቱም ለሙሽራውም ዘመድ ነኝ።»

ገበያው ፊቱ ዐመድ መሰለ። አንድ ሰው ለሁለቱም ዘመድ ከሆነ፣ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ምንድን ናቸው?

«እግዚኦ!» አለ ገበያው፣ «ልጄን ለእህቱ ልድር ኖሯል!»

«ኢማ፣ ማ ዜ? ምንድን ነው ይኼ፣ እማዬ?» አለች አልማ ከሶፋው ላይ ብድግ ብላ። «ራባኑት ኮ ፈቅዷል!»

«ሰባት ቤት ራባኑት አያውቅም፣ ልጄ» አለች ደስታነሽ። አልማ ወደ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ለቅሶዋ እስከ ሳሎን ተሰማ።

ደስታነሽ አባ ማንያዘዋልን ደረጃው ላይ ደረሰችባቸው። እንደዚያ ቀን ተናዳ አታውቅም።

«አባ፣ በሉ ይቁጠሩልኝ። እርስዎና እኔ ስንተኛው ቤት ላይ ነው የምንገናኘው?»

አባ ማንያዘዋል መቁጠር ጀመሩ። አባታቸውን ጠሩ፣ አያታቸውን ጠሩ፣ ቅድመ አያታቸውን ጠሩ። የሰዉን ሁሉ አሥር ቤት በአንድ ትንፋሽ የሚወርዱት ሰው፣ አራተኛው ላይ ቆሙ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«የትም አንገናኝም» አሉ። «ከገበያውም የትም አልገናኝ። ወደዚህ አገር ልንመጣ ከቤታችን ስንነሣ አሥራ አንድ ነበርን። ሱዳን ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ያ ዳኛ ወዳጄ ነው ብሎ ሲነሣ ቀናሁበት፣ ልጄ። እኔም ዘመዴ ነው ብዬ ብነሣ የሚከለክለኝ አልነበረም።»

ደስታነሽ ንዴቷ የት እንደ ገባ አላወቀችም። አሳዘኗት፤ አንጀቷን በሉት። ነገር ግን ልጇ እያለቀሰች ነው፤ «ይህንኑ ገብተው ይንገሯቸው» ማለት ነበረባት። ማለቱ ቢከብዳትም አለችው። በአንድ ቃል ሰፈሩን ሁሉ ዘመድ እንዲያጡ እየጠየቀቻቸው እንደ ሆነ ታውቃለች።

አባ ማንያዘዋል ገብተው ቆሙ። «ዋሽቻለሁ» አሉ። «እዚህ ቤት ዘመድ የለኝም። ስለዚህ ልቆጥር እችላለሁ።» ቆጠሩም። የአልማን በአባትም በእናትም፣ የዮሃይን በአባትም በእናትም፣ እስከ ሰባት ቤት አወረዱት፤ አንድ ስም እንኳ ከሌላው ጋር አልተገጣጠመም። እልል ተባለ። አልማ በሩን ከፍታ ወጣች፤ አባ ማንያዘዋልም ማንም ሳያያቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ በሩ አዘገሙ።

በዚህ መሐል፣ ደግ ነገር ሳይጣሉ አያልቅምና፣ አዲስ ክርክር ተነሣ፤ በሠርጉ ቀን ከቤተ እስራኤል ቄሶች የማን ወገን ቄስ አስቀድሞ ይመርቅ? የሙሽራይቱ ወገን የአሽዶድ ከተማውን ይላል፣ የሙሽራው ወገን የናታንያውን ይላል። ጩኸቱ ሲበረታ ገበያው እጁን አነሣ።

«ምን ያጨቃጭቀናል? አባ ማንያዘዋል ይፍረዱ። ከማንም ዘመድ አይደሉም፤ አሁን ራሳቸው ነገሩን።»

«እርሳቸውማ አይዳኙም!» አለች ደስታነሽ። ድምፅዋ ከሁሉ በልጦ ተሰማ። «እርሳቸው የእኛ ወገን ናቸው።»

«በስንት ቤት?» አለ ገበያው።

«በእኔ ቤት!» አለች ደስታነሽ።

አባ ማንያዘዋል በሩ አጠገብ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ተመልሰው ወንበር ጎተቱ፣ ከደስታነሽ ጎን ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ጣታቸውን ወደ ገበያው ቀሰሩ።

«የእኛ ቄስ ይቀድማል!» አሉ።