ባለንግዱ ይውለድ!

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ያልሰማህም አትቸገር፤ ክቡር ጋሽ እኔ-እያለሁ ራሳቸው ቤትህ ድረስ መጥተው ያሰሙሃል። ጣሪያው የማያፈስ ቤት በመከራ ይገኝ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ አዋቂ ያልተጣደበት ሰፈር ግን ከቶ አልተፈጠረም።

ሙያቸው ሰዓት መጠገን ነው። ሱቃቸው ከኛ ደረጃ ሥር ናት፤ ግድግዳዋ ላይ ከተሰቀሉት ሰዓቶች ሁለቱ እንኳ ተስማምተው አያውቁም። ይህ ግን ክቡርነታቸውን ለሹፌር መንገድ፣ ለነርስ መርፌ አወጋግ፣ ለሙሽራ ሚስት አያያዝ ከማስተማር አላገዳቸውም፤ ራሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ወንደላጤ ናቸው። ጥያቄህን ሳትጨርስ "እኔ እያለሁ?" ይሉሃል። ብዕር ይዘህ ካገኙህማ አለቀልህ፤ ነጥቀው ይሞሉልሃል።

እህቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። እስከ ምሳ ጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ትቀበላለች፤ ከሰዓት በኋላ ቤቷ የልጆች ልብስ እየሰፋች ልትሸጥ አሰበች። ጭንቀቷ አንድ ነበር፦ ስፌቱን ካስመዘገበች ከአሠሪዋ የምታገኘው የወሊድ ክፍያ ይቀርባት ይሆን? መልሱን የሚሰጥ የግብር መሥሪያ ቤት መንገዱን ተሻግሮ አለ። ሰው ግን ሰልፍ ቆሞ ከመጠየቅ ደረጃ ላይ መሳሳት ይቀለዋል።

"ግብር መሥሪያ ቤት? እኔ እያለሁ?" አሉ ጋሼ መንገዷን ዘግተው። "ስሚኝ ልጄ፣ በስምሽ ካስመዘገብሽ የወሊድ ክፍያሽን እርሺው፤ ግብሩም ይቆለልብሻል። በባልሽ ስም አድርጊው። አንቺ ስፊ፣ እሱ ባለንግድ ይባል። ማን አየ?"

"እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?"

"ወይ ልጅቷ! ብዕሩን ወዲህ በይ!"

እንዲህ ሆኖ የአውቶቡስ ሹፌሩ አማቼ፣ የሸሚዙን ቁልፍ መትከል የማይችለው ሰውዬ፣ በአንድ ጀንበር ልብስ ሰፊ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ከግብር መሥሪያ ቤቱ አንዲት ተቆጣጣሪ መጣችና ስፌት መኪናው ፊት አቆመችው።

"እስቲ ክር አስገባልኝ።"

ምስኪኑ መርፌውን በሁለት እጁ እንደ መሪ ጨበጠው።

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ እህቴ ዞረች። "ማነው ያሳሳተሽ የኔ እህት? አሠሪሽ የሚሰጥሽን የወሊድ ክፍያ ማንም አይነካውም። ስፌቱ በስምሽ ቢሆን ኖሮ በሱም ከመንግሥት ሌላ የወሊድ ክፍያ ይደርስሽ ነበር። አሁን ግን ባለንግዱ ባልሽ ነው፤ ክፍያው የሚሰጠው ደግሞ ባለንግዱ ሲወልድ ነው።"

ሁላችንም የሹፌሩን ሆድ አየን። እውነት ለመናገር ተስፋ የሚሰጥ ሆድ ነበር። እህቴ ግን አልሳቀችም፤ ከመውለዷ በፊት ስሙ ካልተስተካከለ ገንዘቡን ውኃ በላው፤ የመውለጃዋም ቀን ደርሷል። ፊቷን በሰፋችው ትንሽ ቀሚስ ሸፍና አለቀሰች፤ ለቅሶዋ ደረጃው ሥር ድረስ ተሰማ።

በማግስቱ ጠዋት ምላሴን ስዬ ወረድኩ። ሱቁ ተዘግቷል። "ሸሹ!" ብዬ ተሳለቅሁ፤ ከዚያ እህቴን ደግፌ መሥሪያ ቤቱ ስንደርስ፣ ክቡርነታቸው የሰልፉ መጀመሪያ ላይ ናቸው! የሱቃቸውን በርጩማ ተሸክመው መጥተዋል። እሷን አስቀመጡና መስኮቱ ላይ ጎንበስ አሉ።

"ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም" አሉ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ። "የመከርኳት እኔ ነኝ። አላውቅም ነበር።"

አላውቅም! ከሳቸው አፍ! በዚያች ቅጽበት እዚያ ሱቅ ያሉት ሰዓቶች በሙሉ የተስማሙ መሰለኝ። የሳልኩት ምላስም እዚያው ዶለዶመ። ስሙ ወደ እህቴ ዞረ፤ ልጁም ክፍያውን ይዞ መጣ።

አሁን ክቡርነታቸው አራስ ቤት እየገቡ ጡት አጠባብ ያስተምራሉ። "እኔ እያለሁ?" ሲሉ ሕፃኑ ሳይቀር ይስቃል። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ደጅ መምጣታቸው አይቀርም። ሲመጡ ወንበር ሳብላቸው፣ ሻይ አፍላላቸው፣ ምክራቸውንም ጎንበስ ብለህ ስማ። ብዕርህን ግን፣ በእናትህ...