ጾሙ በቀኝ፣ ፍስኩ በግራ፤ የመርዕድ የጀልባ ፍሪጅ

ሐበሻ ባለበት ሁሉ አንድ አሻሻይ አይጠፋም። አሻሻይ የሌለበት ሰፈር ካለ፣ እዚያ ያለው ዕቃ ሁሉ በደህና ይሠራል ማለት ነው። ደግሞ አሻሻይን ከጠጋኝ ጋር እንዳታምታቱት። ጠጋኝ የተበላሸ አይቶ ያድናል፤ ይባረክ። አሻሻይ ግን ደህናውን አይቶ የሚያዝን ነው። ደህና ሆኖ የተቀመጠ ዕቃ ሲያይ ሆዱ ይባባል፤ የታመመ ሰው ቤት እንደገባ ድምፁን ዝቅ ያደርግና፣ «ይሄን ነገር ማንም አልነካውም አይደል?» ይላል። ከዚያ ካቻቢቴው ከኪሱ ይወጣል። ከዚያ በኋላ እግዜር ይሁናችሁ።

ለአትላንታ ሐበሻ የተሰጠው አሻሻይ ክቡር ሊቀ ጠበብት መርዕድ ነበር። ማዕረጉን የሰጠው ጓደኛው ተገኝ ነው፤ ያውም ጥርሱን ነክሶ። መርዕድ ቀን ቀን ዱሉዝ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያወርድ ይውላል። ከሥራ ሲወጣ ግን የዓለም ጉድለት በሙሉ እሱ ትከሻ ላይ ነው። «ፈረንጅ ይሠራዋል እንጂ አያስብበትም» ይላል ራሱን እየነቀነቀ። ይቺን ካለ በኋላ የምትከተለዋ ናት የምታስፈራው። «አንድ ነገር ብቻ ብንጨምርበት።» «አንድ ነገር ብቻ» የምትለዋን የሰማ፣ መርዕድን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ዕቃውን አቅፎ ይሮጣል።

ተገኝ የት ይሮጣል? ከሱዳን አብረው ነው የመጡት፤ ስማይርናም ባንድ አፓርታማ አብረው ኖረዋል። ምን ያላሻሻለበት አለ? ታክሲ ነጂ ነውና የታክሲውን ጥሩምባ አሻሻለለት፤ ፍሬን በያዘ ቁጥር ይጮህ ጀመር። ዳውንታውን ሆቴል በር ላይ ፓርክ ባደረገ ቁጥር በረኛው እናቱን እየጠራ ይሰድበዋል። የአፓርታማውን በር አሻሻለለት፤ ከውጭ ብቻ የሚከፈት ሆነ። ተገኝ ሥራ ለመሄድ በመስኮት ሲወጣ ጎረቤቱ ፖሊስ ጠራችበት። የጸሎት አዳራሹን ማይክ ሲያሻሽል ደግሞ የቄሱ ድምፅ አዳራሹ ውስጥ ጠፍቶ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ተሰማ። ያን ቀን በደንብ ያስቀደሱት መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ሰው ሲያሙ የቀሩት ብቻ ናቸው።

ይሄን ሁሉ ተገኝ ችሎ ነበር። መርዕድ ጀልባው ላይ ሲመጣበት ግን ደሙ ፈላ።

ተገኝ ጀልባውን ያገኘው እንዲህ ነው። በታክሲው የሚያመላልሳቸው አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሞቱና ሚስትየው «ይሄን ነገር ከግቢዬ አውጣልኝ» ብላ በርካሽ ሰጠችው። ትልቅ ባለ ሸራ ጀልባ ነው፤ ውስጡ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ቧንቧ አለው። ተገኝ ከሸራው ጋር ታግሎ ታግሎ ለመደና ሌክ ላኒየር የሚባለው ሐይቅ ዳር፣ ማሪናው ማለትም የጀልባ ማቆሚያው ላይ አሰረው። ሐበሻው ጉድ አለ። «ሰው መሬት ላይ ቤት ይገዛል፤ ይሄ ልጅ ውሃ ላይ ገንዳ ገዛ» ተባለ።

ይህን ያሉት እትዬ ፀሐይነሽ ናቸው። ሌላ ሰው ቢለው ተገኝ ስቆ ያልፈው ነበር። እትዬ ፀሐይነሽ ግን የመዓዛ አክስት ናቸው፤ ያሳደጓትም ወደዚህ አገር ያመጧትም እሳቸው ናቸው። ተገኝ ደግሞ መዓዛን ካላገባ እንቅልፍ የለውም። መዓዛ ሆስፒታል የምትሠራ፣ ራሷን የቻለች ልጅ ናት፤ ትወደዋለችም። «ግን ቲጂ፣ አክስቴ እሺ ካላለች የለም፤ ዛትስ ኢት» ብላዋለች።

ስለዚህ ሽማግሌ ተላከ። ያኔ፣ በፈረንጅ ሰማንያ ስድስት መሆኑ ነው፣ አትላንታ ውስጥ ሽማግሌ የሚሆን ሽማግሌ አልነበረም። ሁሉም ትናንት የመጣ ጎረምሳ ነው። ሠላሳ አምስት የሞላውና ከረባት ያለው ሁሉ ሽማግሌ ተብሎ ይላካል። መርዕድ ከረባት ነበረው። እትዬ ፀሐይነሽ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡ እሱ ሽምግልናውን ትቶ የበራቸውን ማጠፊያ በዓይኑ ሲበላው ነበር ይባላል። «ጀልባውን ሳላይ መልስ የለኝም» አሉ እትዬ ፀሐይነሽ።

ሁዳዴ እኩሌታው ላይ መጥተው አዩ። ጀልባው እንደታሰረ ገቡ፣ አልጋውን ነካኩ፣ ምድጃውን አሸተቱ። ከዚያ ፍሪጁን ክፈት አሉ። የዚያ ጀልባ ፍሪጅ እንደ ቤት ፍሪጅ ፊት ለፊት አይከፈትም፤ ክዳኑ ከላይ ነው፣ ውስጡ በረዶ ይጨመራል፣ ምግቡ ከጉድጓድ እንደሚቀዳ ውሃ ተጎንብሶ ነው የሚወጣው። እትዬ ፀሐይነሽ አጎነበሱ፤ ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለዋውጧል።

«ምስሩ ቅቤ ታቅፎ ተኝቷል» አሉ። «ጾምና ፍስክ ባንድ ጉድጓድ የሚያሳድር ሰው ልጄን ነገ ከምን ጋር እንደሚያሳድራት ማን ያውቃል?»

ተገኝ ክዳኑን ቶሎ ዘጋ። «እትዬ፣ ቅቤው እኮ የድሮ ነው፣ ረስቼው ነው...»

«ለፋሲካ እመጣለሁ። ያኔ ውሃው ላይ ወስደህ ታበላኛለህ፤ መልሴንም ያኔ ትሰማለህ» ብለው ወጡ።

መርዕድ እዚያው ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ፍሪጁን በፍቅር እያየ፣ «ፈረንጅ ይሠራዋል እንጂ...»

«መርዕድ፣ እለምንሃለሁ» አለ ተገኝ። «ቅቤውን እጥለዋለሁ፣ አዲስ በረዶ እገዛለሁ፣ በቃ። አትንካው።»

«አንድ ነገር ብቻ፣ ወንድሜ።»

አንዷ ነገር ስንት ሆነች መሰላችሁ። መጀመሪያ ከመጋዘኑ ጀርባ ከተጣለ ካምፐር፣ ውስጡ ከሚታደርበት የሽርሽር መኪና፣ የፍሪጅ ሞተር ነቅሎ አመጣና ከጀልባው ባትሪ ጋር አገናኘው፤ ከእንግዲህ በረዶ መግዛት ቀረ አለ። ይሄ እንኳ ባልከፋ። ቀጥሎ ሳንቃ ቆርጦ ጉድጓዱን ከመሃል ለሁለት ከፈለው፤ አየር እንኳ እንዳያሾልክ ዙሪያውን በሙጫ ለቀለቀው፤ በቀይ ቀለምም ጻፈበት፤ በቀኝ ጾም፣ በግራ ፍስክ። ብርዱ የሚወጣባት የብረት ሰሌዳ ያለችው በቀኝ በኩል ነው። ሞተሩን «ቀዝቅዟል፣ አሁን እረፍ» የምትለዋን መለኪያ ደግሞ ነቅሎ ወደ ግራ አዛወራት። «ጥንቃቄ የሚፈልገው ሥጋ ነው» አለ። እናንተ ገብቷችሁ ይሆናል። ተገኝ ግን ታክሲ ነጂ ነው እንጂ ነቢይ አይደለም።

እስከ ፋሲካ ድረስ የጾሙ ክፍል ታምር ሠራ። ምስሩ ድንጋይ ሆነ፣ ሽሮው ድንጋይ ሆነ። መርዕድ ሰው እየጠራ በጣቱ እያንኳኳ ያስጎበኛል። «በጆርጂያ ሙቀት ይሄን ያየ ማነው?» ሞተሩ ቀንም ሌትም አያርፍም፤ ግን ጀልባው ታስሮ ከማሪናው መብራት ጋር ስለተሰካ ማንም ልብ አላለም። ግራውንም ማንም አልከፈተው፤ ጾም ነው፣ ምን ሊገባበት?

ፋሲካችን የዋለው ፈረንጁ የራሱን ከበላ ወር ካለፈው በኋላ ነው፤ ሙቀቱ ጀምሯል። መዓዛ ዶሮውን ሠርታ፣ የክትፎውን ሥጋ ከትፋ፣ ቅዳሜ ጠዋት አመጣች። መርዕድ ራሱ ተቀብሎ በግራ በኩል ደረደረ፤ ክዳኑን ሲዘጋ ጳጳስ ነበር የሚመስለው።

እሁድ፣ እትዬ ፀሐይነሽ ሌሊት በአንዲት እንቁላል ገድፈው፣ ሆዳቸውን ለጀልባው ጠብቀው፣ ነጭ ለብሰው መጡ። ሲሳፈሩ የመዓዛን ክንድ ጨምቀው ሊሰብሩት ነበር። ተገኝ ሸራውን ከፍቶ ወሰዳቸው፤ ነፋሱም ደህና ነበር፤ እትዬም ቀስ በቀስ ክንዷን ለቀቁ። ሐይቁ መሃል ሲደርሱ ነፋሱ ቀጥ አለ። ተገኝ «ጥሩ ነው፣ እዚሁ እንብላ» ብሎ ክዳኑን አነሳ።

የወጣውን ሽታ ልናገረው አልችልም፤ በዓል ነው። መዓዛ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ዳር ሄደች። መርዕድ እጁን ሰደደ፤ ግራው እንደ ምጣድ ይሞቃል፣ ቀኙ በረዶ ነው።

«አንተ ሰውዬ» አለ ተገኝ። «ፍሪጅ ነበረኝ። ክዳን ነበረው፣ በረዶ ነበረው፣ ይሠራ ነበር። አትንካው አላልኩህም? ለምኜህ አልነበረም?»

«ጾሙ ግን እንዴት አድርጎ እንደያዘ እየው» አለ መርዕድ።

ተገኝ እዚያ ቢቆይ ሰው ይገድላል፤ ወደ ማሪናው ልመልሳቸው ብሎ የጀልባውን ሞተር ለማስነሳት ሄደ። ቁልፉን አዞረ። ጭጭ። ሲያርፍ ያልታየው የፍሪጅ ሞተር፣ ከማሪናው መብራት ከተነቀሉ ጀምሮ፣ ባትሪውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጥቶታል። ነፋስ የለ፣ ሞተር የለ፣ ምሳ የለ። የመዓዛ አክስት ሐይቅ መሃል ላይ፣ በፋሲካ ቀን፣ ጦማቸውን። ተገኝ ሁለት እጆቹን ከጭኖቹ ሥር አድርጎ ተቀመጠባቸው። ለምን እንደተቀመጠባቸው የገባት መዓዛ፣ «ሪላክስ አድርግ ቲጂ፣ ፕሊስ» አለችው። ተገኝ ሚስቱ ልትሆን የነበረችውን ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ የሚያያት ይመስል ነበር።

በዚህ መሃል እትዬ ፀሐይነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ተንበርክከው፣ ጭንቅላታቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትተዋል።

«ይቺን ሳንቃ ማነው የገተራት?» ድምፃቸው ከውስጥ ነው የሚመጣው።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ መርዕድ።

«ብርዱ በምን በኩል ወደ ግራ ይለፍ? ቀዳዳ አታደርግላትም ነበር?»

«ቀዳዳማ ካለው ፍስኩ ወደ ጾሙ ይተነፍሳል ብዬ እኮ ነው። እርስዎ ነዎት ባንድ አይደሩ ያሉት።»

እትዬ ጭንቅላታቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ዛሬ ምንድን ነው?»

«ፋሲካ።»

«ከዛሬ እስከ በዓለ ሃምሳ ጾም አለ?»

መርዕድ በቀይ ቀለም የጻፋትን «ጾም» አቀርቅሮ አያት።

«ረቡዕም የለ፣ ዓርብም የለ። ሁሉም ፍስክ ነው። ሳንቃዋን ትናንት ነቅለህ ብትጥላት ኖሮ ዛሬ ዶሮ እበላ ነበር። ማንን ከማን ነው የለየህልኝ?»

መዓዛ ሳቋ አመለጣት፤ መርዕድ ግን አልሳቀም። በሕይወቱ እንዲህ አድርጎ የሚያስብ ሰው አግኝቶ አያውቅም። «ከመሃል ከሚቆም፣ እትዬ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ቢከፈልስ?»

«ምን እሱ ብቻ፤ ክዳኑስ ለምን እንደዚህ ይከብዳል? አንድ ነገር ብትጨምርበት...»

ተገኝ ይሄን ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ተንበርክከው ሳንቃዋን ነቀሏት። ሙጫው አልለቅም ሲል እትዬ ካቻቢቴውን ከመርዕድ እጅ ቀሙት። የተበላሸውን አውጥተው ጣሉ። ከዚያ በቀኝ በኩል የቀረውን የምስር ድንጋይ በመዶሻ ሰባብረው፣ ፀሐይ ላይ አቅልጠው፣ በእንጀራ በሉ። ከሁለት ወር ምስር በኋላ፣ በፋሲካ ቀን፣ ምስር።

ወደ ማምሻው ነፋስ ተነሳና ሸራው ተነፋ። እትዬ ፀሐይነሽ እጃቸውን ታጥበው ተገኝን ጠሩት።

«ና እስቲ፣ አንተ ልጅ።»

መጣ፤ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«ቀኑን ሙሉ ሳይህ ነው የዋልኩት። ይሄ ሰው በዓልህን አበላሸብህ፣ አሳፈረህ፣ ውሃ ላይ አስቀረህ። አሁን ውሃው ውስጥ ይጥለዋል፣ አሁን ይጥለዋል ስል እጅህ ላይ ተቀመጥክ። ይሄን ሰው የቻለ ትከሻ ለልጄ አያንሳትም። ወስደሃታል።»

መዓዛ አቀፈችው። ተገኝ መደሰት ነበረበት፤ ተደስቷልም። ግን ከትከሻዋ በላይ መርዕድን ሲያየው፣ ሰውዬው ምስጋና የሚጠብቅ ፊት ይዞ ቆሟል። «አየህ?» ይላል ፊቱ። ተገኝ በሚስቱ ምክንያት የዚያ ፍሪጅ ባለዕዳ ሆኖ ሊኖር መሆኑን ሲያስብ እንደገና ደሙ ፈላ።

ከዚያ ሳምንት በኋላ መርዕድ ማሪናው ላይ አልታየም። እትዬ ፀሐይነሽ ወስደውታል። የበራቸው ማጠፊያ፣ መጋረጃቸው፣ ደረጃቸው፣ ሁሉም እየተሻሻለ ነው፤ ሁለቱ ከሥራ መልስ እየተጨቃጨቁ ያመሻሉ አሉ። ተገኝ ይሄን ሲሰማ አልገባውም። ሰው የሰው አሻሻይ ሳያስፈቅድ ይወስዳል? አብሮት ሱዳን የነበረው ማነው? በመስኮት የወጣው ማነው?

አንድ ከሰዓት ብቻውን ጀልባው ውስጥ ገባ። ፍሪጁ እንደ ድሮው በረዶ ተጨምሮበት ጸጥ ብሏል። ምድጃው ይሠራል። ቧንቧውን ከፈተ፣ ዘጋ፤ ከተዘጋ በኋላ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። የሚጮህ ነገር የለም፣ የሚፈታ ነገር የለም፣ የሚናደድበት ሰው የለም። ትንሽ ተቀመጠና ተነስቶ ማሪናው በር ላይ ካለው የሕዝብ ስልክ መርዕድ የሚሠራበት መጋዘን ደወለ።

«መርዕድ፣ የጀልባዋ ቧንቧ ትንጠባጠባለች።»

«አትንካት። መጣሁ» አለ መርዕድ።

ተገኝ ስልኩን ሰቅሎ ወደ ጀልባው ሮጠ። ከዱሉዝ እዚህ ድረስ ሩቅ አይደለም፤ ሰውዬው ከመድረሱ በፊት ካቻቢቴ ፈልጎ ቧንቧዋን ማላላት አለበት።