ሮቶው ሲሞላ የሚጠፋው ነፋስ

ናፍቆት ሰበብ ይወዳል። በተለይ እኛ ዘንድ አባት የሆነ ሰው ልጁ ስትናፍቀው «ናፈቅሽኝ» ብሎ አይጀምርም። ጉሮሮውን ይጠርግና «እዚያ ዝናቡ እንዴት ነው?» ይላል። ልጅ ደግሞ «እዚህማ ደረቅ ነው፣ እናንተ ጋስ?» ትላለች። «ትናንት ትንሽ አካፍቶ ነበር።» ይህን የሰማ ሰው ሁለት ገበሬዎች የዘር ወቅት ደርሶባቸው የሚመካከሩ ይመስለዋል እንጂ፣ አንደኛው ልጁ ናፍቃው የሚያወራ አባት መሆኑን ከየት ያውቃል? እናንተም ብትሆኑ አትሳቁ። ባለፈው ለእናታችሁ ስትደውሉ ስለ ምን እንዳወራችሁ እስቲ አስታውሱ። ደመና ሳይነሳ ስልኩን የዘጋችሁ አይመስለኝም።

እኔ ዕድሜዬን መኪና መንዳት ሳስተምር የኖርኩ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ሀና ማርያም ቤቴ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ላፍቶ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ሲለቅ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያልጸለይኩለት ተማሪ የለኝም። ብሌን የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የሁለታችን ነበር፤ እሷ ታጠናለች፣ እኔ ሻይ አፈላለሁ፣ ዝናብ ሲመጣ ሁለታችንም በረንዳው ላይ ወጥተን ቆርቆሮውን እናዳምጣለን። ሌላ መዝናኛ አልነበረንም ብል ማጋነን አይሆንም። ልጅ ግን ተምሮ ይሄዳል። የምናስተምረውም ለዚሁ ነው፤ ሲሄድ ግን ማንም እንዳልነገረን ሆነን እንደነግጣለን። ብሌን የመስኖ መሐንዲስ ሆነችና ሥራ ያገኘችው ሠመራ ሆነ። ሠመራ ማለት፣ ላልሄዳችሁበት ልንገራችሁ፣ ጥላ ራሱ ጥላ የሚፈልግበት አገር ነው።

ከመሄዷ በፊት «አባዬ፣ እዚያ ሆኜ የቤታችንን ዝናብ ማየት እፈልጋለሁ» አለችና የአየር ጠባይ መለኪያ መሥራት ጀመረች። ለልደት ድግስ የሚገዙትን ነጫጭ የፕላስቲክ ሳህኖች ደራርባ የሙቀት መለኪያውን በመካከላቸው ሸሸገችው። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳሶችን ለሁለት ለሁለት ሰንጥቃ ነፋስ የሚያሽከረክራቸው ኩባያዎች አበጀች። ዝናቡን የምትቆጥረው ደግሞ በሞላች ቁጥር ወደ ጎን የምትደፋ፣ ማንኪያ የምታህል ነገር ናት። ይህ ሁሉ ከአንድ ሳጥን ጋር በጓሮ ካለው የሰርቪስ ቤት ጣሪያ ጀርባ ባለ የብረት ዘንግ ላይ ተሰቀለ። ሳጥኑ ያየውን በዋይፋይ ሳሎን ወዳለው መቀበያ ይልካል፤ መቀበያው ወደ ኢንተርኔት ያሻግረዋል፤ ብሌን ሠመራ ላይ ላቧን እየጠረገች የሀና ማርያምን ነፋስ በስልኳ ታያለች። ነፋስ ስልክ በሚባል ክፍለ ከተማ እየኖርን ነፋስ በስልክ መሄዱ ሊገርመን ባልተገባ ነበር። ገረመን እንጂ።

ጎረቤቴ ጋሽ ለሜሳ አባቶቻቸው ከተማው ሳይደርስባቸው እዚሁ ያርሱ የነበሩ፣ ዛሬም ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ላሞች የሚያልቡ ሰው ናቸው። መሣሪያው በተሰቀለ ሰሞን ድርቆሻቸውን ሊከምሩ ሲሉ በአጥር ብቅ ብለው «መምህር፣ ይኼ ነገር ዛሬ ይዘንባል ይላል?» አሉኝ። ስልኬን አይቼ «አሁን እየዘነበ ነው ይላል» አልኳቸው። ቀና ብለው ሰማዩን፣ ቀጥሎ የረጠበ ጋቢያቸውን አዩና «እሱንስ ጋቢዬም ነግሮኛል» ብለው ወደ ድርቆሻቸው ሄዱ።

መሣሪያው መጀመሪያ ላይ እንከን አልነበረውም። ብሌን ስትፈትሸው ሳምንቱን ሙሉ አንዴም ሳይቋረጥ ሠራ። ከሄደች በኋላ ግን አመሉ ተለወጠ። ደህና ሲልክ ይቆይና ድንገት ድምፁ ይጠፋል፤ ቀን ሁለት ቀን ይሰወርና፣ ማንም ሳይነካው፣ እንዳኮረፈ ባል በራሱ ጊዜ ይመለሳል። በጠፋ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። «አባዬ፣ ተቋርጧል።» እኔም መሰላሌን አነሳለሁ።

የሹፌር አእምሮ ምንጊዜም የሹፌር አእምሮ ነው። መጀመሪያ ባትሪውን ጠረጠርኩና ጫፎቹን በጨርቅ አሸሁ። ቀጥሎ አንቴናውን አቃናሁ። መቀበያውን ከቡፌው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ፍሪጁ አናት አዞርኩት። ሳጥኑን እንደ ቆመ መኪና ነቅነቅ አድርጌም አየሁት። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? የአበበችን የልብስ ማስጫ ሽቦ ሳይቀር ጠረጠርኩ። አበበች ከሆሳዕና መጥታ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ጨርቅ የምትሸጥ፣ በሰርቪሱ የምትኖር ተከራዬ ናት። እርጥብ ብርድ ልብሷን ያለ አንዳች ክርክር አነሳችልኝና «እኔ ደግሞ በጸሎት አግዝዎታለሁ፣ ጋሼ» አለችኝ። ጋሽ ለሜሳ በበኩላቸው ነገሩ የቁራ ሥራ መሆኑን ምለው ነገሩኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እነዚያ የፍለጋ ቀናት ደስ ይሉኝ ነበር። መሰላል ላይ ቆሜ፣ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል አጣብቄ፣ ብሌን ከሠመራ «ወደ ግራ ትንሽ፣ ትንሽ፣ በቃ» ትለኛለች። ዕድሜ ልኬን ለተማሪዎቼ ስለው የኖርኩት ቃል ነው። እኔ ተማሪ እሷ አስተማሪ ሆነን ሳጥኑን ስናዞር ወሬያችንም አብሮ ይዞራል፤ እናቷ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ ይዛ በሚያፈሰው ቆርቆሮ ሥር እንዴት ትሯሯጥ እንደነበር፣ የሠመራ ነፋስ ሲመሽ እንኳ እንደማይበርድ፣ እሷ እዚያ ሆና ወጥ ስትሠራ ጨው እየበዛባት መቸገሯን እናወራለን። መሣሪያው ሳይነቃ ሰዓቱ ይሄዳል። በመጨረሻም «እንግዲህ ነገ እንሞክራለን» ተባብለን እንለያያለን።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ሲጠራ፣ እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ሳነሳው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ብሌን «ተቋርጧል» ብላ የምትደውለው ሁልጊዜ እጄ እርጥብ ሲሆን ነው። ለምን? እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣ አበበች ከጓሮ «ውኃ መጣ» ትላለች፣ ግቢው ሁሉ ይነሳል፤ ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ ድስቱ ሳይቀር ይሞላል፤ በመጨረሻም በብረት ማማ ላይ የተቀመጠው ጥቁሩ የውኃ ማጠራቀሚያ፣ ሮቶው፣ ይሞላል። ሮቶው ያለው ደግሞ የት ነው? በሰርቪሱ ጣሪያና በሳሎኔ መስኮት መካከል። ሳጥኑ የሚልከው ሁሉ በሮቶው ሆድ ውስጥ ማለፍ አለበት ማለት ነው። ባዶ ፕላስቲክ ያሳልፈዋል፤ ውኃ ግን ይውጠዋል። ሮቶው ሲሞላ ነፋሱ ይጠፋል፤ ጠጥተን፣ አጥበን፣ ውኃው ሲጎድል ነፋሱ ይመለሳል። ብሌን መሣሪያውን የፈተሸችበት ሳምንት ደግሞ ውኃ ጨርሶ ያልመጣበት፣ ጀሪካን በጋሪ የምናስመጣበት ሳምንት ነበር። ሮቶው ባዶ ስለነበር ሁሉ ነገር ደህና መሰለን። እንዲህ ያለ ስህተት ለመሥራት የእኛ ሰፈር ሰው መሆን ያስፈልጋል።

ለብሌን ሳልነግራት፣ ላስደንቃት ብዬ፣ ሳጥኑን ነቀልኩና በውጭ በሩ በኩል ሮቶው በማይጋርደው ማዕዘን ተከልኩት። ውኃ መጣ፣ ሮቶው ሞላ፣ ነፋሱ አልጠፋም። መንጃ ፈቃድ እንዳገኘ ጎረምሳ ኮራሁ።

ስልኩም አልጮኸም።

ብሌን መስመሩ መመለሱን አይታ አውራ ጣት የቀሰረች ትንሽ ሥዕል ላከችልኝ፤ ከዚያ ዝም። ለምን አንተ አትደውልም ትሉኛላችሁ። እደውላለሁ እንጂ። ቀን ሥራ ላይ ናት ብዬ እተዋለሁ፤ ሲመሽ ስደውል ደክሟታል። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «በላሽ?» «በላሁ።» የእሷን ዝናብ እንዳልጠይቅ እዚያ ዝናብ የለም፤ የእኛን እንዳልነግራት በእጇ ይዛዋለች። ጤነኛው መሣሪያ ወሬያችንን ጠቅልሎ ወሰደብን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። በረንዳው ላይ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ቆርቆሮውን ሳዳምጥ ልጄ ናፈቀችኝ። ያቺ ማንኪያ እየደፋች የምትቆጥረው ዝናብ ለብሌን ቁጥር ሆኖ ይደርሳታል፤ ድምፁ ግን እኔ ጋ ቀረ። አንድ ሁለት ጊዜ ሳጥኑን በድንጋይ ብመታው ምን አለበት ብዬ አስቤም ነበር። ሽማግሌ ድንጋይ ሲወረውር ሰፈሩ ምን ይለኛል ብዬ ተውኩት።

እንዲህ ስንከርም አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። እጄ ደረቅ ነበር።

«አባዬ፣ ውኃ ጠፋባችሁ እንዴ?» አለች ብሌን። ድምፅዋ ጭንቀት ነበረበት።

«ማን አለሽ? ትናንት እኮ ነው የሞላነው።»

«ታዲያ ለምን አይቋረጥም?»

ለካ የሮቶውን ነገር ታውቅ ኖሯል።

«መስመሩ ሲቋረጥ ‹ውኃ መጣላቸው› እላለሁ» አለችኝ። «ደስ ይለኛል፤ ከዚያ እደውላለሁ። አሁን እንዲህ ሰንብቶ ሳይቋረጥ ሲቀር ግን፣ አባዬ ውኃ አጥቶ ነው፣ እንዳልጨነቅ ደብቆኝ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።»

«እያወቅሽ ነው መሰላል ላይ ስታንከራትቺኝ የነበረው?»

«ለመሰላሉ ይቅርታ።»

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርህ ታስተካክለዋለህ» አለች።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እንደ ወጋችን ስለ ዝናብ ልጠይቃት ነበር፤ አፌን ከፍቼ ያገኘሁት ቃል ግን ሌላ ሆነ። «ናፈቅሽኝ» አልኳት። መስመሩ እውነትም የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ አፍንጫዋን ሳብ ስታደርግ ሰማሁ።

«እዚያ ዘነበ?» አለችኝ።

በስልኳ እያየችው እንደሆነ አውቃለሁ። «ትንሽ አካፍቷል» አልኳት።

ሳጥኑ አሁን ከሮቶው ጀርባ ወዳለው የድሮ ቦታው ተመልሷል። ጋሽ ለሜሳ መሰላል ላይ አይተውኝ «ቁራው እንደገና መጣ?» ሲሉኝ «መጣ» ብያቸዋለሁ። አበበችም ጸሎቷን አላቋረጠችም፤ የምትለምነው መስመሩ እንዳይጠፋ ነው፣ እኔ ደግሞ እንዲጠፋ ነው፤ እግዜር ሁለታችንንም በፈረቃ እየሰማን ይመስለኛል። ውኃ ሲመጣ ሮቶውን እስከ አፉ እሞላለሁ፣ ቧንቧውን እዘጋለሁ፤ ከዚያ እጄን ሳልጠርግ ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ።